ቁስጥንጥንያ ወደቀች፣ የቅመም መንገድ ግን አልተዘጋም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ የታሪክ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ኦቶማን ቱርኮች በ1453 ቁስጥንጥንያን ሲይዙ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚወስደውን የንግድ መንገድ ዘጉ። ቁንዶ በርበሬ ጠፋ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። አውሮፓውያን ሌላ መንገድ ፍለጋ ወደ ባሕር ወጡ፤ ኮሎምበስ አሜሪካን፣ ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድን አገኙ። ከዚያ ወዲህ የቀይ ባሕር ንግድ ሞተ። ኢትዮጵያም ይህ ሁሉ ሲሆን ከዓለም ተነጥላ በተራሮቿ መካከል ተቀምጣ ነበር።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የሸመደድነውም ይኸንኑ ነው፤ ጸሐፊው ብቻቸውን አልተሳሳቱም። ጽሑፋቸው በጥሩ አማርኛ የተጻፈና በቀላሉ የሚነበብ በመሆኑም ስሕተቱ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ምላሹን በዝርዝር መስጠት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መንገዱ በ1453 ተዘጋ»

ከካርታው እንጀምር። በ15ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ የሚገባው ቅመም በአብዛኛው በቁስጥንጥንያ አያልፍም ነበር። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በማላባር ጠረፍ የተጫነው ቁንዶ በርበሬ ውቅያኖሱን አቋርጦ ኤደን ወይም ጅዳ ይደርሳል፤ ከዚያ በቀይ ባሕር ሽቅብ ወደ ግብፅ ይወጣል፤ ከካይሮ ደግሞ በአባይ ላይ ተጭኖ እስክንድርያ ይራገፋል። የቀረው በግመል ወደ ደማስቆ ሄዶ ቤሩት ላይ ይሸጣል። የቬኒስ ነጋዴዎች ጋሊ የሚባሉትን የቀዘፋ መርከቦቻቸውን በየዓመቱ በጓድ አሰልፈው የሚልኩት ወደ እነዚህ ሁለት ወደቦች ነበር። ሁለቱም ወደቦች የካይሮዎቹ የማምሉክ ሱልጣኖች ነበሩ። ኦቶማኖች ሶርያን የያዙት በ1516፣ ካይሮን የገቡት በ1517 ነው፤ ይኸውም ቁስጥንጥንያ ከወደቀች ከ64 ዓመት በኋላ፣ ዳ ጋማም የሕንድ ወደብ ካሊከት ከደረሰ ከ19 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ቱርኮች መንገዱን ዘጉት በሚሉበት ዘመን ሁሉ መንገዱ በቱርኮች እጅ አልነበረም።

ከቻይና ተነስቶ በመካከለኛው እስያ አድርጎ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው የየብስ መንገድስ? እሱ ከዚያ በፊት ደክሞ ነበር። ያ መንገድ የቆመው ሞንጎሎች ባሰፈኑት ጸጥታ ነው። ፋርስን ይገዛ የነበረው የሞንጎል ሥርወ መንግሥት ከ1335 ጀምሮ ፈራረሰ፤ በ1340ዎቹ ወረርሽኙ ጥቁር ሞት በዚያው መስመር መጣ፤ ቻይናን የሚገዙት ሞንጎሎች በ1368 ከዙፋናቸው ተባረሩ፤ በ1395 እና 1396 ደግሞ የመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ ታሜርላን በቮልጋ ወንዝ ላይ ያሉትን የንግድ ከተሞች፣ ሳራይንና አስትራካንን አወደመ። በ1453 የሚዘጋ ትልቅ የየብስ መንገድ አልቀረም ነበር።

አሁን ድል አድራጊው ሱልጣን መሕመድ 2ኛ ምን እንዳደረገ እንይ። ከተማይቱ የወደቀችው ሜይ 29 ነው። ወርቃማው ቀንድ ከሚባለው የከተማይቱ የባሕር ሰርጥ ባሻገር ባለችው በጋላታ የሚኖሩት የጄኖዋ ነጋዴዎች በነፃነት እንዲነግዱ የሚፈቅደው የሱልጣኑ የውል ደብዳቤ የተጻፈው ጁን 1 ነው። ሦስት ቀን! በከተማይቱ ቅጥር ላይ ከግሪኮች ጎን የተዋጉት ቬኒሳውያን ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1454፣ በሸጡት ዕቃ ላይ 2 በመቶ ቀረጥ እየከፈሉ እንዲነግዱ ተዋዋሉ፤ በከተማይቱም የራሳቸው ሹም እንዲቀመጥ ተፈቀደላቸው። ኋላ ቀረጡ ከፍ ብሏል። ከ1463 እስከ 1479ም ቬኒስና ኦቶማን ተዋግተዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ቬኒስ በየዓመቱ 10,000 ዱካት ወርቅ ከፍላ ንግዷን ቀጠለች። ቀረጥ መጨመር መንገድ መዝጋት አይደለም። ሱልጣኑ ያገኛት ከተማ ሕዝቧ የተመናመነ፣ ግምጃ ቤቷ ባዶ ነበር፤ ነጋዴ ካልመጣላት ገቢ የላትም። የምትታለብ ላም አግኝቶ በማግስቱ የሚያርዳት ማን ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከፖርቱጋሎች የተገኘ ነው። ንጉሥ ዦዋዎ 2ኛ በሜይ 1487 ፔሮ ዳ ኮቪልያን እና አፎንሶ ደ ፓይቫን ለስለላ ላከ። ሁለቱ ሰዎች የሄዱት ተዘግቷል በተባለው መንገድ ነው። ሮድስ ላይ ነጋዴ ለመምሰል ማር ገዙ፤ እስክንድርያ ሲደርሱ ሁለቱም በንዳድ ታመሙ፤ ይሞታሉ ብሎ የከተማው ሹም ማራቸውን ወሰደባቸው፤ ሲድኑ ገንዘባቸውን አስመልሰው ሌላ ሸቀጥ ገዙና ካይሮ ገቡ። ከፌዝና ከትለምሰን ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለው በሲና ጠረፍ ባለችው በቱር፣ ከዚያም በሱዋኪን አድርገው ኤደን ደረሱ። ኮቪልያ ወደ ካናኖር፣ ካሊከትና ጎዋ አቀና፤ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ የሆነችውን ሆርሙዝንም አይቶ ካይሮ ተመለሰ። አንድ የማያውቁት ፖርቱጋላዊ በ1480ዎቹ መጨረሻ ከሊዝበን ሕንድ ደርሶ የሚመለስበት መንገድ ዝግ ነበር ማለት ያስቸግራል።

«ፖርቱጋሎች ወደ ባሕር የወጡት ስለተዘጋባቸው ነው»

እዚህ ላይ ውጤቱ ከምክንያቱ ቀድሞ ተወልዷል። ፖርቱጋሎች በሰሜን አፍሪካ ሴውታን የያዙት በ1415 ነው። ጂል ኢያንሽ ከቦጃዶር ርእሰ ምድር አልፎ የተመለሰው በ1434 ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የተጋዙ 235 ሰዎች በደቡብ ፖርቱጋል ሌጎስ ከተማ እንደ ከብት ተከፋፍለው የተሸጡት በኦገስት 1444 ነው። ቁስጥንጥንያ በዚያን ጊዜ ገና የግሪኮች ነበረች።

ታዲያ ምን ፈልገው ወጡ? በመጀመሪያዎቹ ስድሳ ዓመታት ቁንዶ በርበሬ የሐሳባቸው ጫፍ ላይ እንኳ አልነበረም። አገሪቱ ስንዴ ያጥራት ነበር፤ ሞሮኮ ስንዴ ነበራት። ገንዘቧ በተደጋጋሚ ረክሶ ነበር፤ ከሰሐራ ማዶ የሚመጣው ወርቅ ደግሞ በግመል ሴውታን ወደመሳሰሉ ከተሞች ይገባ ነበር። ሴውታን ሲይዙ ግን የጠበቁት አልሆነም፤ ነጋዴው ግመሎቹን ወደ ሌሎች ወደቦች አዞራቸው። ወርቁን መንገድ ላይ መጥለፍ ሲያቅታቸው ወደ ምንጩ በባሕር መሄድ ጀመሩ። በመንገዳቸው ዓሣ፣ የአቆስጣ ቆዳና ዘይት፣ በማዴይራ ደሴት ላይ የሸንኮራ አገዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሪያ አገኙ። በ1457 ከአፍሪካ ወርቅ ክሩዛዶ የተባለውን ሳንቲም መቱ። በ1469 ዘውዱ ፈርናዎ ጎምሽ ለሚባል ነጋዴ በዓመት 200,000 ሬይስ እየከፈለ በጊኒ ጠረፍ እንዲነግድና በየዓመቱ 100 ሊግ አዲስ ጠረፍ እንዲያስስ ውል ሰጠው። በ1471 የወርቁ ገበያ ተገኘ፤ በ1482 በዚያው በዛሬዋ ጋና የኤልሚና ምሽግ ተሠራ።

በዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው የኢኮኖሚ ግፊት ጸሐፊው ከነአካቴው ያላነሱት ነው፤ አውሮፓ የብርና የወርቅ ድርቅ ላይ ነበረች። ምሥራቁ የአውሮፓን ሸቀጥ ብዙም ስለማይፈልግ ቅመምና ሐር የሚገዛው በጥሬ ብርና ወርቅ ነው፤ የድሮዎቹ የብር ማዕድኖች ደግሞ እየነጠፉ ነበር። በ1450ዎቹ መጨረሻና በ1460ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የሳንቲም መምቻ ቤቶች ብር አጥተው ሥራ አቁመዋል። የሳክሶኒና የቲሮል ማዕድኖች ሲስፋፉ ነው እጥረቱ የረገበው። ቱርክ ባይኖርም የአፍሪካ ወርቅ መርከብ ያስልክ ነበር።

«የቁንዶ በርበሬ ዋጋ ሰማይ ነካ»

ይህ አባባል ውሃ አያነሳም። የዋጋ መዛግብትን የመረመሩ ምሁራን ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ያመለከቱት ከ1453 በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የቁንዶ በርበሬ ዋጋ እንዳልናረ ነው፤ እንዲያውም በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከነበረው ወርዶ ነበር። በጣም የዘለለው ከ1499 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ነው። ያኔ ቬኒስና ኦቶማን እንደገና ይዋጉ ነበር፤ የፖርቱጋል መርከቦችም በሕንድ ጠረፍ የአረብ ነጋዴዎችን መርከብ ማቃጠል ጀምረው ነበር። አቅርቦቱን ያናጉት «መፍትሔ» ተደርገው የቀረቡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ማለት ነው።

ቅመሙን ያስወደደው የጉዞው አካሄድና በየኬላው የሚጠብቀው እጅ ነው። ከሕንድ የሚነሳ መርከብ ከኖቬምበር እስከ ማርች የሚነፍሰውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ጠብቆ ይወጣል፤ ያ ነፋስ ካለፈው ዓመት ይጠብቃል። ቀይ ባሕር ሲገባ ደቡባዊው ክፍል ይቀናዋል፤ ከጅዳ ወደ ሰሜን ግን ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ይመታዋል፣ ዳርና ዳሩም የኮራል ቋጥኝ ነው። ስለዚህ ትልቁ መርከብ ጅዳ ላይ ያራግፋል። ዕቃው ቋጥኙን ለማየት ሲሉ በቀን ብቻ በሚጓዙ ትንንሽ ጀልባዎች ተከፋፍሎ ወደ ቱር ይሄዳል፤ ከዚያ በግመል ወደ ካይሮ፣ በአባይ ጀልባ ወደ እስክንድርያ፣ በቬኒስ ጋሊ ወደ ቬኒስ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ማራገፊያ ተሸካሚ፣ መዛኝ፣ ደላላና ቀራጭ አለ። ጆንያው እርጥበት ይጠጣል፣ ይፈስሳል፣ አቧራና ድንጋይ ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ በየደረጃው ይነፋል፣ እንደገና ይመዘናል፣ የጎደለውም በዋጋው ላይ ይጨመራል።

ከነገሥታትም ቢሆን ዋጋን በማስወደድ የሚጠቀስ ካለ የግብፁ ማምሉክ ሱልጣን ባርስባይ ነው። ከ1422 እስከ 1438 የገዛው ይህ ሰው የሕንድ መርከቦችን ከኤደን ወደ ጅዳ አዞረ፤ ቀጥሎም የቁንዶ በርበሬን ሽያጭ ለራሱ ብቻ አደረገ። ቬኒሳውያን እሱ በቆረጠው ዋጋ እንዲገዙ ተገደዱ፤ ከእርሱ በኋላም በየዓመቱ የተወሰነ መጠን ከገበያ በላይ በሆነ ዋጋ ከሱልጣኑ ጎተራ መግዛት ግዴታ ሆነባቸው። ይህ የሆነው ቁስጥንጥንያ ከመውደቋ ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ እሱም ቢሆን መንገዱን አልዘጋም፤ ያለበው አብዝቶ ነው።

«ኮሎምበስም የወጣው በቱርክ ምክንያት ነው»

ኮሎምበስ ወደ ምዕራብ የዞረው ምሥራቁ በፖርቱጋሎች ስለተያዘ ነው። የስፔኗ ካስቲልና ፖርቱጋል በ1479 በአልካሶቫስ ሲዋዋሉ የአፍሪካ ጠረፍ የፖርቱጋል ብቻ ሆነ፤ ለካስቲል ከካናሪ ደሴቶች ወደ ምዕራብ ያለው ባሕር ብቻ ቀረላት። ኮሎምበስ ዕቅዱን መጀመሪያ ለፖርቱጋል ንጉሥ አቅርቦ ነበር። የንጉሡ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ልክም ነበሩ። እሱ ከካናሪ እስከ ጃፓን 4,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል ብሎ ነበር፤ እውነተኛው ርቀት ግን 19,600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ካስቲልም የፈቀደችለት ግራናዳን በጃንዋሪ 1492 ይዛ የረዥም ጊዜ ጦርነቷን ከጨረሰች በኋላ ነው። በሦስት መርከብና በ90 ያህል ሰው የወጣው ጉዞ መሐል ላይ አህጉር ባይገጥመው ኖሮ በረኃብና በጥም ያልቅ ነበር።

የ1453ቱ ድልና ተከታዮቹ የኦቶማን ድሎች ምንም አልለወጡም ማለት ግን አይደለም፤ ጸሐፊው በዚህ መስመር ቢሄዱ ኖሮ ጥሩ ነገር ያገኙ ነበር። ለሱፍ ጨርቅ ማቅለሚያ አሉም የሚባል ጨው መሰል ማዕድን ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ቀለሙ ጨርቁን አይዝም። አውሮፓ ምርጡን አሉም የምታገኘው በትንሿ እስያ ጠረፍ በፎቄያ፣ በጄኖዋ ሰዎች እጅ ከነበረው ማዕድን ነው። በ1455 ኦቶማኖች ፎቄያን ያዙ። በ1461 ጆቫኒ ዳ ካስትሮ የተባለ ሰው በሮም አቅራቢያ በቶልፋ ኮረብታዎች ላይ አሉም አገኘና ለጳጳሱ ለፒዮስ 2ኛ፣ ቱርኮች ለዚህ ማዕድን ብቻ ከክርስቲያኖች በየዓመቱ ከ300,000 ዱካት በላይ እንደሚወስዱ አስረዳ። የጳጳሱ መንግሥት ወዲያው የቱርክን አሉም መግዛት ከለከለ፤ ትርፉም ወደ ራሱ ዞረ። እዚህም ላይ ግን ልብ ይሏል፤ ገበያውን በአዋጅ የዘጋው ሮም ነው። የጄኖዋ ሰዎች ደግሞ የጥቁር ባሕር ዋና ከተማቸውን ካፋን በ1475 ሲያጡ የሚበዛው ገንዘባቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሴቪልና ወደ ማዴይራ የስኳር እርሻ ሄደ። በዚህ በኩል የኦቶማን ድል የአትላንቲክን ጉዞ አግዟል ቢባል እስማማለሁ፤ የረዳው ግን በካፒታል ሽሽት ነው።

«ከዳ ጋማ በኋላ የቀይ ባሕር ንግድ ሞተ»

ይህ ከሁሉም ነጥቦች በላይ መታረም ያለበት ነው፤ በዓመታት ብዛትም ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው።

ዳ ጋማ በጁላይ 1497 በአራት መርከብና በ170 ያህል ሰው ከሊዝበን ተነሣ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ካለችው ከማሊንዲ መሪ ተሰጥቶት ሕንድን ለማየት 24 ቀን ገደማ በቃው፤ ሜይ 20 ቀን 1498 ካሊከት አጠገብ መልሕቅ ጣለ። መጀመሪያ ወደ ምድር የወረደውን ሰው ያነጋገሩት ካስቲልኛ የሚያውቁ ሁለት የቱኒስ ሰዎች ነበሩ። የሜዲትራኒያን ነጋዴ በቀይ ባሕር በኩል አስቀድሞ እዚያ ደርሷል። ለካሊከቱ ንጉሥ፣ ለዛሞሪን የቀረበው ስጦታ ተመዝግቧል፦ 12 ጥብጣብ መሰል ጨርቅ፣ 4 ቀይ የራስ መሸፈኛ፣ 6 ባርኔጣ፣ 4 ድሪ መርጃን፣ 6 መታጠቢያ ሳሕን፣ አንድ ሣጥን ስኳር፣ 2 በርሜል ዘይትና 2 በርሜል ማር። የንጉሡ ሹማምንት አይተው ሳቁ፤ ከመካ የሚመጣ እጅግ ድኻ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይሰጣል አሏቸው። ወርቅና ብር ለለመደ ገበያ ያመጡት ይኸን ነው።

ሲመለሱ ደግሞ ነፋሱን አልጠበቁም። በኦገስት መጨረሻ ካሊከትን ለቀቁ፤ በመጡበት ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰው ባሕር አሁን ሦስት ወር ሊሞላ ሦስት ቀን እስኪቀረው ድረስ ያዛቸው። ትኩስ ምግብ ስላጡ ድድ በሚያሳብጠው በስከርቪ በሽታ በዚያ መሻገሪያ ብቻ 30 ሰው ሞተ፤ በየመርከቡ መቆም የሚችሉት ሰባት ስምንት ብቻ ቀሩ። ሳኦ ራፋኤል የተባለችውን መርከብ የሚነዳት ሰው ስላልነበረ አቃጠሏት።

ከዚያ በኋላ በመድፍ መጡ። በ1509 በዲዩ ባሕር ላይ ተዋግተው አሸነፉ፤ ጎዋን በ1510፣ ማላካን በ1511፣ ሆርሙዝን በ1515 ያዙ። የቀይ ባሕርን በር ለመዝጋት ግን ኤደንን መያዝ ነበረባቸው፤ የፖርቱጋሉ አዛዥ አፎንሶ ደ አልቡከርክ በማርች 1513 ሲሞክር ወታደሩ የተንጠላጠለበት መሰላል ከክብደት ብዛት ተሰበረና ተመለሰ። ሶኮትራ ደሴትንም ውሃና ምግብ ስላጣች በ1511 ትተዋት ነበር። በሩ አልተያዘም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኦቶማኖች ምን ያደርጉ ነበር? በሱዌዝ መርከብ የሚሠራበት እንጨት የለም፤ ስለዚህ ባየዚድ 2ኛ ፖርቱጋሎችን ለሚዋጉት ማምሉኮች እንጨት፣ መድፍና ባሩድ ላከላቸው። ግብፅን ከያዙ በኋላ በ1538 ኤደንን ያዙ፣ እስከ ዲዩ ድረስም መርከብ አዘመቱ። በ1568 ደግሞ ከኢስታንቡል ለግብፅ ገዢ ከሜዲትራኒያን ወደ ሱዌዝ ቦይ መቆፈር ይቻል እንደሆነ እንዲያስጠና ትእዛዝ ወጣ። ቦዩ አልተቆፈረም። መንገድ ዘጊ የተባለው መንግሥት ግን ሊከፍተው ገንዘብና ደም እያወጣ ነበር።

ፖርቱጋሎችም ቢሆኑ ብዙ ሳይቆዩ ቀራጭ ሆኑ። ካርታዝ የሚባል የይለፍ ወረቀት ይሸጡ ነበር፤ የመርከቡን ስም፣ የናኾዳውን (የመርከቡን አዛዥ) ስም፣ የሠራተኛውን ብዛት፣ መሣሪያውንና መድረሻውን የሚዘረዝር፣ ቁንዶ በርበሬ መጫን የሚከለክልና በእነሱ ወደብ ቀረጥ እንዲከፈል የሚያስገድድ ወረቀት ነው። የሆርሙዝ ጉምሩክ በምሥራቅ ካሏቸው የገቢ ምንጮች ከዋነኞቹ አንዱ ሆነ፤ ስለዚህ ወደ ባስራና ሶርያ የሚሄደው ንግድ እንዲቀጥል እነሱም ፈለጉ። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ የምሽግ አዛዥ ደግሞ የተከለከለውን ጭነት ገንዘብ ተቀብሎ ያሳልፋል። በሱማትራ የአቼ ሱልጣኖች ፖርቱጋሎችን ሸሽተው በደቡብ በኩል ቁንዶ በርበሬ በቀጥታ ወደ ጅዳ ይልኩ ጀመር። ውጤቱ፦ በ1560ዎቹ በእስክንድርያ በኩል ቬኒስ የሚገባው ቁንዶ በርበሬ ከዳ ጋማ በፊት ከነበረው ጋር የሚመጣጠን ነበር። በ1560 ደግሞ የፖርቱጋል ዘውድ የቅመም ንግዱን የሚያካሂድበት የሊዝበኑ «የሕንድ ቤት» ዕዳውን መክፈል አቆመ።

የቅመሙን ንግድ ከቀይ ባሕር የነጠቁት በሚቀጥለው መቶ ዘመን የመጡት ኩባንያዎች ናቸው። በ1602 የተቋቋመው የደች ኩባንያ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር ካፒታል ነበረው፤ ገንዘቡ እንደ ፖርቱጋል ዘውድ ከአንድ ንጉሥ ዕዳ ጋር የተሳሰረ አልነበረም። ከ1611 ጀምሮ መርከቦቹ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኬፕ፣ ወደ ደቡብ ወርደው በብርቱው የምዕራብ ነፋስ ወደ ጃቫ የሚያቀኑበትን አቋራጭ ያዙ። ከይለፍ ወረቀት ይልቅ ምንጩን ፈለጉ፤ ለዚህም በ1621 የባንዳ ደሴቶችን ሕዝብ ፈጅተውና አፈናቅለው የገውዝን ምርት በእጃቸው አደረጉ። በ1620ዎቹ ቅመም ከአምስተርዳም ተጭኖ ወደ ሶርያ ገበያ ይላክ ጀመር፤ አቅጣጫው ያኔ ነው የተገለበጠው። በዚያን ጊዜም የካይሮ ነጋዴዎች ሱቃቸውን አልዘጉም። ከየመን የሚመጣውን ቡና ያዙ፤ ተክሉ ከእኛ አገር የሄደው ቡና በ17ኛው መቶ ዘመን ለጅዳና ለካይሮ የቁንዶ በርበሬን ቦታ ተካ።

«ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ርቃ ነበር»

ኮቪልያን ካይሮ ላይ ትተነው ነበር። ጓደኛው ፓይቫ የኢትዮጵያን ንጉሥ ፈልጎ ሲሄድ መሞቱን እዚያ ሰማ፤ ከፖርቱጋሉ ንጉሥ በተላኩ ሁለት አይሁድ እጅ ወሬውን ወደ ሊዝበን ልኮ ራሱ በአፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። እስክንድር ሊያሰናብቱት ቃል ገብተው ሞቱ፤ አፄ ናዖድም አፄ ልብነ ድንግልም አልለቀቁትም። ርስት ተሰጥቶት፣ አግብቶ ኖረ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲመጡ በሕይወት አገኙት፤ አስተርጓሚያቸውም ሆነ። የሊዝበን ሰዎች ኢትዮጵያን የፈለጓት ለማየት ብቻ አይደለም፤ ማምሉኮችን ከጀርባ የምትወጋ ተባባሪ መስላ ታይታቸው ነው።

እዚህም ያለው መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ልከው፣ በቀይ ባሕር ላይ ለሚደረግ የጋራ ዘመቻ ስንቅ እንደሚያቀርቡ አስታወቁ፤ ማቴዎስ በጎዋ በኩል በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በ1517 የፖርቱጋል መርከቦች ዘይላን አቃጠሉ። የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመን የመጣው የወደቦቹ ንግድ በዚህ ዓይነት ከታወከ በኋላ ነው፤ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ሲያሸንፉ በእጃቸው ነፍጥ ነበር፣ ነፍጡም በቀይ ባሕር በኩል የመጣ ነው።

በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክርስቶቫዎ 400 ሰው ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። ኢማሙ መጀመሪያ ሲሸነፉ በየመን ዘቢድ ወዳለው የኦቶማን ገዢ ላኩ፤ 900 ያህል ነፍጠኛና 10 መድፍ መጣላቸው። ክርስቶቫዎ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሳይገናኝ በኦገስት 1542 ወፍላ ላይ ተመትቶ ተያዘ፣ ተገደለም። ኢማሙ ግን ድሉ ያለቀ መስሏቸው 200 ብቻ አስቀርተው የቀሩትን ነፍጠኞች አሰናበቱ። የተረፉት ፖርቱጋሎች በዚያ ክረምት ባሩድ እየሠሩ ከገላውዴዎስ ጋር ተቀላቀሉ፤ በፌብሩዋሪ 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ወደቁ። ሊዝበንና ኢስታንቡል በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የያዙት ፉክክር በእኛ ተራራ ላይ እንዲህ ተዋግቷል። ይህን «ርቃ ነበር» ማለት አይቻልም።

በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ። የጸሐፊው አካሄድ ልክ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ ከኢትዮጵያ የሚወጣም የሚገባም ሸቀጥ መቆም ነበረበት። የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁ፣ ዝባዱና ባሪያው ቀረጥ እየተከፈለበት መውጣቱን ቀጠለ። የቱርክ ሹማምንት የሚፈሩት የፖርቱጋልን ቄስና ወታደር ነበር። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1589 ከጎዋ ተነሥቶ በአረብ ጠረፍ ተያዘና ሰባት ዓመት ያህል በሐድራሞትና በሰንዓ ታሰረ። በ1603 እንደገና ሲመጣ የአርመን ልብስ ለብሶ ከዲዩ በንግድ መርከብ ተሳፈረ፤ ምጽዋ ላይ ማንም ሳይከለክለው ወርዶ ወደ ትግራይ ወጣ።